ቤቱን ከመሸጣችን በፊት



የዛሬው ጽሑፋችን ከቤተሰባችን ጓዳ የወጣ ነው። ጉዳዩ የሴት ልጅ ሕመም በመሆኑ ከጓዳ ባይወጣ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ባለጉዳይዋ አክስታችን ራሳቸው፣ «ጻፉት እንጂ ልጆቼ! እንደኔው አፍራ የተቀመጠች ሴት በየቤቱ አትጠፋም» ስላሉን ብዕራችንን አነሳን።

አክስታችን የሚኖሩት ደሴ ውስጥ አባታቸው ባሠሩት ቤት ነው። እኛን ያሳደጉን እርሳቸው ናቸው። ጧት ቁርኣን እንድንቀራ ወደ መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየላኩን፣ «ሁለቱንም ያዙ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም» ይሉን ነበር። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር የቻልነው በእርሳቸው ልፋት ነው።

እኚህ ሴት የወር አበባ ካቆሙ ከዓመታት በኋላ እንደገና ደም ይታያቸው ጀመር። ለወራት ለማንም አልተነፈሱም። ይበልጥ ያስጨነቃቸው ሕመሙ ሳይሆን ሶላታቸው ነበርና አንድ ቀን የሰፈራችንን ኡስታዝ ባለቤት፣ «በዚህ ሁኔታ ሶላቴ እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠየቋት። አላህ ይስጣትና፣ «የሶላቱን ጉዳይ ኡስታዙን ጠይቄ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ ግን ነገ ከእኔ ጋር ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ» አለቻቸው።

ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ የማኅፀን በር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ በተደረገላቸው ምርመራም ሕመሙ ደረጃ ሦስት መድረሱ ታወቀ። በዚህ ደረጃ በሽታው ከማኅፀን በር አልፎ ወደ ዙሪያው ስለሚስፋፋ በቀዶ ሕክምና ቆርጦ መጣል አይበጅም። ዋናው ሕክምና ጨረርና ኬሞቴራፒን በአንድነት መስጠት ነው። ለጨረሩ ወረፋ ያዝን። በአገራችን ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ብቻ ተወስኖ ቆይቶ በቅርብ ጊዜ እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል፤ ሆኖም ፈላጊው ከመሣሪያው ቁጥር እጅግ ይበልጣል። ሦስት ወር ከጠበቅን በኋላ ለየካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ተቀጠርን። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ማለት ነው።

ቀኑን እየጠበቅን ሳለ አጎታችን ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ደወሉ።

«ጨረርና ኬሞ ብቻ? እሱማ ምን ያደርጋል! እኔን ያቆመኝ ከዚያ በኋላ የተሰጠኝ መድኃኒት ነው። የአባታችንን ቤት ሽጡ፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ጨረሩን አቆዩትና መድኃኒቱ ወዳለበት አገር ውሰዷት።»

የአጎታችን ቃል ዝም ብሎ የሚታለፍ አልነበረም። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የሳንባ ካንሰር ታመው ነበር። የእርሳቸውም ደረጃ ሦስት ነበር፤ የእርሳቸውም በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አልነበረም። ስድስት ሳምንት ጨረርና ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ዱርቫሉማብ የተባለ መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ለአንድ ዓመት ወሰዱ። በመካከሉ ሳንባቸው ተቆጥቶ ሳልና የትንፋሽ ማጠር አስቸግሯቸው ነበር፤ አለፈላቸው። ይኸው አምስት ዓመት አልፏቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ታክሲያቸውን ይነዳሉ። ታዲያ በዓይኑ ያየውን ሰው ማን ይከራከረዋል?

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ በማግሥቱ ደላላ አነጋገረ። ገሚሱ «ወረፋውን ከለቀቅን ተመልሰን አናገኘውም» አለ። አንድ የአጎታችን ልጅ ደግሞ በስልኩ ያነበበውን ይዞ መጣ፤ መድኃኒቱ ካለ ጨረሩ አንድ ቦታ ብቻ ቢመታም በሌላው የሰውነት ክፍል ያለው ካንሰር ሁሉ ይጠፋል የሚል። በመጨረሻ ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። «እናንተ ባዮሎጂ ታስተምራላችሁ፤ እስቲ እውነቱን መርምራችሁ ንገሩን» ተባልን። ተማሪ ፊት መቆም ለምደናል፤ ያሳደጉን ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ጥያቄ ይዞ መቆም ግን ሌላ ነው።

ዘቡና የተሰረቀው ምልክት

ለቤተሰባችን ያስረዳነው እንደሚከተለው ነበር። ሰውነታችን የራሱ ዘብ አለው። ቲ ሴል የሚባሉት የነጭ ደም ሴሎች ሌት ተቀን እየዞሩ ባዕድ የሆነውን ያጠቃሉ። ዘብ ግን የቤቱን ልጅ ከሌባ መለየት አለበት። ስለዚህ ቲ ሴሎች በላያቸው ላይ ፒዲ-1 የምትባል ማቆሚያ አለቻቸው። ጤነኛው ሴል ፒዲ-ኤል1 በተባለ ምልክት ይህችን ማቆሚያ ሲነካት ዘቡ «የቤት ልጅ ነው» ብሎ ያልፋል። ተንኮለኛው ካንሰር ይህንኑ ምልክት ሰርቆ ይለብሳል። ዘቡም ሌባውን በዓይኑ እያየ ያልፈዋል።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ካንሰሩን ራሳቸው አይገድሉም። ምልክቱን ወይም ማቆሚያውን ሸፍነው ዘቡ ሥራውን እንዲሠራ ይለቁታል። ኢሚውኖቴራፒ ከሚባለው ሕክምና አንዱ ዓይነት ይህ ነው። የዘቡን ማቆሚያዎች አሠራር የገለጡት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ማቆሚያው የሚያስፈልግ ነገር በመሆኑ ግን መድኃኒቱ ያለ ጉዳት አይመጣም። የተለቀቀው ዘብ አንዳንድ ጊዜ ጤነኛውን ሳንባ፣ አንጀት ወይም እንቅርት ያጠቃል። የአጎታችን ሳልም ከዚህ ወይም ከጨረሩ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጨረሩስ? ጨረር የካንሰሩን ሴል ዲ.ኤን.ኤ. ይሰብራል፤ ሴሉ ሊራባ ሲል ይሞታል። ሲሞት ደግሞ በውስጡ የደበቀው ሁሉ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ዘቡም የሌባውን መልክ ያየዋል። ስለዚህ ጨረሩ ሌባውን ሲያጋልጥ መድኃኒቱ ዘቡን ይለቃል። ሁለቱን ማቀናጀት የታሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

የአጎታችን ልጅ ያነበበውም ሐሰት አልነበረም። ሞል የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ጨረር ካረፈበት ርቆ ስለሚታይ ውጤት ጽፈው ስም አውጥተውለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ በኢሚውኖቴራፒ ላይ የነበረች አንዲት የቆዳ ካንሰር ሕመምተኛ አከርካሪዋ አጠገብ ያለው እጢ ብቻ በጨረር ተመትቶ ሌሎቹም እንደ ሟሸሹ ተዘግቧል። ነገር ግን ይህ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። አንድ ሰው በዕጣ መኪና ስለ ደረሰው ሁላችንም ቤታችንን ሸጠን ዕጣ አንቆርጥም።

ከመቶ ስንት?

ቀጥለን ጥናቶቹን ማገላበጥ ጀመርን። የአጎታችን መድኃኒት የተፈተነው ፓስፊክ በተባለ ጥናት ነው። ጨረርና ኬሞ የጨረሱ 713 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ገብተውበታል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 100 ሰዎች 43 ያህሉ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 33 ያህሉ ነበሩ። አጎታችን ትክክል ናቸው፤ መድኃኒቱ ሰው ያተርፋል። ነገር ግን እርሳቸው መድኃኒቱን ባይወስዱም ኖሮ ከ33ቱ አንዱ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ይህን በስልክ ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ይህ ብቻ አይደለም። ያንኑ መድኃኒት ለዚያው የሳንባ ካንሰር ጨረሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከጨረሩ ጋር አብሮ ማስጀመር በሌላ ጥናት ተሞክሮ ጥቅሙ አልታየም። በማኅፀን በር ካንሰርም ዱርቫሉማብ ከጨረርና ከኬሞ ጋር ተሰጥቶ የሚጠበቀውን ውጤት ሳያስገኝ ቀርቷል። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር ጥሩ ነገር በጥሩ ነገር ላይ ስለ ተጨመረ ብቻ ሁልጊዜ የበለጠ ጥሩ አይሆንም የሚል ነው። የትኛው መድኃኒት፣ ለየትኛው ካንሰር፣ በየትኛው ጊዜ የሚለው ሁሉ ይቆጠራል።

ለአክስታችን ሕመም የጠቀመው ፔምብሮሊዙማብ የተባለው ሌላው መድኃኒት ነው። ሕመማቸው በአካባቢው የተስፋፋ 1060 ሴቶች በገቡበት ጥናት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ጨረርና ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 100 ሴቶች 75 ያህሉ፣ ፔምብሮሊዙማብ ከተጨመረላቸው ደግሞ 83 ያህሉ ሆነው ተገኝተዋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለዚህ ሕክምና ፈቃድ ሰጥታለች።

ይህን ጽፈን ለአክስታችን ሐኪም ወሰድንላት። ወጣት ሴት ናት። ወረቀታችንን አነበበችና እንዲህ አለችን፤ «ቁጥሩ ልክ ነው። ስምንት ሰው ትንሽ አይደለም፤ መድኃኒቱ እጄ ላይ ቢኖር እሰጣቸው ነበር። ግን የለኝም። እናንተ ስምንቱን ስታዩ 75ቱን እንዳትረሱ። 75ቱን የያዘው ጨረሩና ኬሞው ነው። ጨረሩን አቆይታችሁ ገንዘብ ስትፈልጉ በሽታው አይጠብቃችሁም።»

«ጨረሩን አሁን ወስደው መድኃኒቱን በኋላ ብንገዛላቸውስ?» አልናት።

«በጥናቱ መድኃኒቱ የተጀመረው ከጨረሩ ጋር አብሮ ነው። በኋላ ብቻ ቢሰጥ ለዚህ ሕመም ምን ያህል እንደሚጠቅም ያ ጥናት አይነግረንም» ስትል መለሰችልን።

ማታ ቤተሰቡን ሰብስበን እንደ ክፍል ውስጥ በወረቀት ላይ አሰላንላቸው። መድኃኒቱ መጀመሪያ በየሦስት ሳምንቱ 5 ጊዜ፣ ቀጥሎ መጠኑ በእጥፍ ሆኖ በየስድስት ሳምንቱ 15 ጊዜ ይሰጣል። በጠቅላላው ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። በአሜሪካ ዋጋ የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣሉ። ሁሉም ሲደመር ከ350 ሺህ ዶላር ይበልጣል። የአያታችን ቤት ተሽጦ፣ አጎታችንም ያላቸውን ሁሉ ጨምረው የሚበቃው ለጥቂት ዙር ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ አክስታችንም ያለ ቤት ይቀራሉ፤ የጨረሩ ወረፋም ያልፋል።

ማንም አልተናገረም። ዝምታውን የሰበሩት ጥግ ይዘው ተስቢሕ ሲቆጥሩ የነበሩት አክስታችን ናቸው። «ያለውን ትቼ የሌለውን ስጠብቅ ብሞት አላህ ምን ይለኛል? የካቲት 10 እሄዳለሁ» አሉ። ነገሩም በዚሁ አበቃ።

የእኛ ተጨማሪ መድኃኒት

ውድ አንባቢያን፣ ውሳኔው ቀላል መስሎ ከታያችሁ አልገለጽነውም ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ማናችንም አልተኛንም። በሌላ አገር ቢወለዱ ኖሮ የሚያገኙትን ነገር ያጡት ያሳደጉን እናታችን ናቸው። ሐኪሟ ግን ስንሰናበታት አንድ ነገር ነግራን ነበር። የዚህ በሽታ ጨረር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስምንት ሳምንት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ በተጓተተ ቁጥር የመዳን ዕድል ይቀንሳል። ብዙ ሴቶች የሚያቋርጡት በማደሪያና በትራንስፖርት ችግር ነው። እኛም ልንገዛው የማንችለውን መድኃኒት ትተን ልንገዛው የምንችለውን ያዝን፤ እርሱም አንዲት ቀን አለማጓደል ነው።

አጎታችን በመጀመሪያ ተቀይመው ነበር። በኋላ ግን የሆስፒታሉ አቅራቢያ ለሚገኝ አንድ ክፍል የሁለት ወር ኪራይና የምግብ ወጪ ላኩ። እኛም ከእህቶቻችን ጋር በየተራ እየተቀያየርን ከአክስታችን ጋር አደርን። ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 25 ቀን ነው። ኬሞው በሳምንት አንዴ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ብራኪቴራፒ የሚባለው፣ ጨረሩን በውስጥ በኩል ከእጢው አጠገብ የሚያደርሰው ሕክምና ይከተላል። ሁለት ቀን መሣሪያው ተበላሽቶ ቆሞብን ነበር፤ በሌላ ቀን ተካኩልን።

በሦስተኛው ሳምንት ረመዳን ገባ። አክስታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሕመም ብለው ጾም አፍጥረው አያውቁም። የመጀመሪያው ሰኞ ሱሁር በልተው፣ ነይተው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። የጨረር ባለሙያዋ እንደ ወትሮው ውሃ እንዲጠጡ ስታዝዛቸው እምቢ አሉ። ከጨረሩ በፊት ውሃ የሚጠጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊኛ ሲሞላ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ገፋ ያደርጋል፤ ማኅፀንም በየቀኑ በአንድ ቦታ ላይ እንዲገኝ ይረዳል። ኬሞው ደግሞ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል። ባለሙያዋ ብታስረዳም አልሰሙም። «ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ረመዳኔን አልሰጥም» አሉ።

የቀራንበት መድረሳ ሸኽ ዘንድ ደወልንና ስልኩን ለአክስታችን ሰጠናቸው። ሸኹ በቁጣ አልተናገሩም። ለታመመ ሰው ማፍጠርና በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት የተፈቀደ መሆኑን አስታወሷቸው። ቀጠሉና፣ «እህቴ፣ ይህን ፈቃድ የሰጠሽ ሐኪሟ አይደለችም፤ ጾሙን ያዘዘሽ ጌታ ራሱ ነው። ትእዛዙን ከእርሱ ተቀብለሽ ፈቃዱን ከእርሱ አልቀበልም ልትይ ነው?» አሏቸው። አክስታችን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ብርጭቆውን «ቢስሚላህ» ብለው ተቀበሉ። ያን ዕለት ጨረሩ ግማሽ ሰዓት ብቻ ዘገየ እንጂ ቀኑ አልጎደለም።

ዒድ አልፈጥር በብራኪቴራፒው መካከል ዋለ። በኪራይ ክፍላችን ውስጥ ቡና አፍልተን፣ ጎረቤት ክፍል ከወለጋ የመጡ ሕመምተኛ ክርስቲያን እናት ጠርተን አብረን አከበርነው። ሕክምናው በስምንተኛው ሳምንት ተጠናቀቀ።

ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ተመለስን። ሐኪሟ «ድነዋል» አላለችንም። «አሁን የሚታይ ነገር የለም፤ በየሦስት ወሩ ይመላለሱ» አለች። አጎታችን ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። ቆይተውም፣ «ግን ከስምንቱ ብትሆንስ? ያ መድኃኒት ብቻ ሊያድናት ከሚችለው ከስምንቱ ብትሆንስ?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ማን በየትኛው ቁጥር ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኛ የምናውቀው በእጃችን የነበረውን ሳናባክን እንደ ተጠቀምንበት ነው። መድኃኒቱ ወደ አገራችን ሕመምተኞችም በሚችሉት ዋጋ እንዲደርስ የሚመለከታቸው ሁሉ ይጣሩ ዘንድ ምኞታችን ነው። እስከዚያው ግን ጭማሪውን አጣሁ ብሎ መሠረቱን መተው አይገባም።

እናቶችና እህቶች ሆይ! ከወር አበባ ውጭ ወይም ካቆማችሁ በኋላ ደም ከታያችሁ አፍራችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ዘንድ ፈጥናችሁ ሂዱ። ወላጆችም ብትሆኑ ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች እንደሚሰጥ አትርሱ። ክትባቱ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጣ ልጆቻቸውን የሚያስቀሩ ወላጆች ያጋጥሙናል። ለእነርሱ የአክስታችንን ታሪክ እንነግራቸዋለን።

አክስታችን ዛሬ ደሴ በአባታቸው ቤት ናቸው። ሐኪሟን አስፈቅደው በየሰኞውና በየሐሙሱ ያፈጠሩትን ረመዳን ቀዷ ያወጣሉ። ከ29ኙ ቀን 11ዱን ጨርሰዋል። በየጁምዓው አጎታችን ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋቸው «ስንት ቀረሽ?» ብለው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ይለግስ። አሚን።